በቀትር የተቆለፈ በር

ፔትራሊ፣ ጥንታዊው የግሪክ ቲያትር ፍርስራሽ ያለበት መንደር፣ የደረስኩት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ገብቷል፤ እኔ ደግሞ የእመቤታችንን ጾም ይዤ ከጠዋት ጀምሮ ከዳቦና ከወይራ ፍሬ በቀር የቀመስኩት የለም። ይህን የምናገረው ያን ቀን ጠባዬ ለምን እንደዚያ እንደነበረ እንድታውቁት እንጂ ይቅርታ ልጠይቅበት አይደለም።

ከፍርስራሹ መግቢያ በር ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በጥበቃው ቤት ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ የሴት አስከሬን ታቅፏል። ሸሚዙን አውልቆ ፊቷን ሸፍኖበታል። እጁ እስከ ክርኑ በደም ተለውሷል። ሁለት ፖሊሶች ከፊቱ ቆመው «ልቀቃት እንጂ አንተ ሰውዬ» ይሉታል። አይሰማቸውም።

ሸሚዙን ገለጥ አደረግሁት። ኤቫንቲያ ካምቡሪ ናት፣ አስጎብኚዋ። በዚህ አካባቢ የማያውቃት የለም። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ክፍላችንን እዚሁ ቲያትር ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች፤ ስንንጫጫ አልተቆጣችንም፣ ዝም ብላ ቆማ ጠበቀችን፣ አፍረን ዝም አልን።

«ምነው እትዬ ኤቫንቲያ» አልኩ ሳላስበው።

ምክትሌ ሳጅን ፎቲስ ማስታወሻውን ገልጦ ያጣራውን ነገረኝ። ኤቫንቲያ ጠዋት ከአቴንስ አሥራ ሰባት ቱሪስቶች ይዛ መጥታለች፤ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። በሙቀቱ የተነሳ ሚኒስቴሩ ባወጣው ትእዛዝ ጥንታዊ ቦታዎች ሁሉ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዝግ ናቸው። ይህም ስድስት ሰዓት ላይ ተቆለፈ። ጥበቃው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊከፍት ሲመለስ ይህ ሰውዬ አስከሬኗን ታቅፎ እዚህ ተቀምጧል። አግሮን ይባላል፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው።

«በየት ገባ?»

«አጥር ዘሎ። ከቲያትሩ ጀርባ ካለው ደረቅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ አገኘኋት ይላል። ሦስት ሜትር ይጠልቃል።»

ስልኬ ጮኸ። አዛዡ ነው፤ ከቢሮው፣ ከማቀዝቀዣው ሥር።

«ፖሊክሴኒ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እጁ ላይ ደም፣ አጥር የዘለለ፣ አልባኒያዊ። እጅ ከፍንጅ ነው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ፊት ይቁምልኝ።»

«የመጨረሻው በየትኛው አንቀጽ ነው የሚያስከስሰው?»

«የቱ?»

«አልባኒያዊነቱ።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አግሮንን መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ውኃ ሰጠሁት። ሃምሳ ዓመት ያልፈዋል። ለሠላሳ ዓመት አገራችንን በአውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረ፣ ልጆቹን እዚሁ ወልዶ ያሳደገ ሰው ነው። ጠርሙሱን ያዘው እንጂ አልጠጣም።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ወጡ፣ እሷ አልወጣችም» አለኝ። «ጠበቅሁ። ጌቶች በራሳቸው መኪና መጥተው ነበር...»

«ጌቶች ማን?»

«አቶ ካፔላስ፣ የድርጅቱ ባለቤት። ከበሩ ወጥተው መጡና ‹ኤቫንቲያን ሙቀቱ ስላደከማት በታክሲ ልኬያታለሁ፤ አንተ ሰዎቹን ምሳ ውሰድ› አሉኝ። ወሰድኩ። ስደውልላት ስልኳ አይገኝም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጇ ጋ ደወልኩ። ‹እናቴ ቤት አልገባችም› አለችኝ። ያኔ እንግዶቹን ባሕር ዳር አውርጄ ተመለስኩ።»

«ጠዋት ከሷ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ተጯጩሃችኋል ይባላል።»

«ተጯጩኸናል። ዛሬ አንሂድ፣ ሰው ይሞትብናል አልኳት። እሷ ደግሞ ካልሄድኩ ሌላ፣ ውኃ እንኳ የማያጠጣ፣ ይልኩባቸዋል አለችኝ።»

«ሰው ይሞትብናል? ምን አስባለህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ባለፈው ማክሰኞ ሞቶብናላ። አንድ ሽማግሌ። ጌቶች ጥበቃውን በሰባት ሰዓት በር አስከፍተው ቡድኑን በዚያ እሳት አስገቡት። ሽማግሌው ቲያትሩ ደረጃ ላይ ወደቀ። ከዚያ ‹አውቶቡስ ውስጥ ነው የወደቀው› ተብሎ ተጻፈ። ኤቫንቲያ አልፈርምም አለች። ሐሙስ ዐቃቤ ሕግ ፊት ቀርባ እውነቱን ልትናገር ነበር። እኔም።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ሊናገሩ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ሞታለች፣ አንዱ በካቴና ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ እኔ አይዋጥልኝም።

አርጊሪስ ካፔላስ በጥበቃው ቤት ውስጥ፣ ማራገቢያው ፊት ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ፣ ውድ ሽቶ፣ የሐዘን ፊት። ጥበቃው ኔክታሪ ከጎኑ ቆሟል፤ ስድሳ የሞላው፣ ከሲታ፣ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራ ሰው። እኛ ጋ ጋሼ ኔክታሪ ነው የሚባለው።

«እኔ ዛሬ ከዚህ ቤት አላለፍኩም» አለ ካፔላስ። «ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስኪቆለፍ ድረስ እዚችው ወንበር ላይ ቀዝቃዛ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ጋሼ ኔክታሪን ጠይቂው።»

«ሹፌሩ ታክሲ ላኩላት ብለውኛል ይላል።»

«ምን ይበል ታዲያ?» ፈገግ አለ። «የኔ እህት፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ሲያዙ ሁሌም የሚሉት አያጡም። ከጠዋት ጀምሮ ሲጣሉ ነበር። የሆነ ነገር በመካከላቸው ሳይኖር አይቀርም።»

«እህትህ አይደለሁም» አልኩት። ወደ ጥበቃው ዞርኩ። «ጋሼ ኔክታሪ፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«እውነት ነው፣ እዚሁ ነበሩ» አለ። «ስድስት ሰዓት ሲሆን ሦስቴ ፊሽካ ነፋሁ፣ ግቢውን ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም፣ ቆለፍኩ።»

«ጉድጓዱንም አዩት?»

«አየሁት።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

ሲናገር የሚያየው ማራገቢያውን ነው። ያን ጊዜ አፍንጫውን ይዤ ማናዘዝ ነበረብኝ። ግን ሽማግሌ ነው፣ ዳዊት ደጋሚ ነው፣ እኔም ይሉኝታ ያዘኝ። ያ ይሉኝታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም እስኪነጋ አልጠበቀም፤ ያንኑ ማታ ደወለልኝ።

«ዳሌዋ ተሰብሯል፣ ጎድኗ ተሰብሮ ሳንባዋን ወግቷል። እጇ ላይ የጣት ጭብጥ ምልክት አለ፤ ተገፍታለች። ግን ፖሊክሴኒ፣ የገደላት መውደቁ አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?»

«ሙቀቱ። ጉድጓዱ እንደ ምድጃ ነው። የወደቀችው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሞተችው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በሕይወት ነበረች።»

«ታዲያ እንዴት አልጮኸችም? መንደሩ እኮ ቅርብ ነው።»

«በዚያ ሳንባ? ማንሾካሾክ ብትችል ነው። በዚያ ላይ በየዛፉ የሚጮኸው ነፍሳት፣ ሲካዳው፣ ጆሮ ይበሳል። አንድ ሰው መጥቶ አንዲት ጠርሙስ ውኃ ቢሰጣት ኖሮ ትድን ነበር።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሰው ሰውን ተናዶ ይገፋል፤ ይሄ በሥራዬ ብዙ ያየሁት ነው። ገፍቶ፣ በር ቆልፎ፣ ቀዝቃዛ ቡና ጠጥቶ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

አዛዡ ጋ ገባሁ። «በወደቀችበት ሰዓት ሹፌሩ አሥራ ሰባት ሰው ፊት ነበር» አልኩት።

«የትኛው አሥራ ሰባት ሰው?»

«ቱሪስቶቹ።»

«እነሱ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ከፒሬየስ ወደብ በመርከብ ይሄዳሉ። የሐኪሙም ሰዓት ግምት ነው። ጥበቃው ጉድጓዱ ባዶ ነው ብሏል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እባክሽ ፋይሉን አታወሳስቢብኝ።»

«ሰውዬው ዕድሜ ልክ ነው የሚፈረድበት።»

«ይገባዋል።»

«ሳትጠይቀው?»

«ነገ ስድስት ሰዓት» አለና ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፎቲስን ይዤ መንገድ ጀመርኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፒሬየስ ነበርን። መርከቡ መሰላሉን ለማንሳት እየተዘጋጀ ነው፤ መታወቂያዬን ያየው መኮንን ፊቱን ቢያኮሳትርም አስገባን። ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ ሊያነጋግሩን የወረዱት ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ አስጎብኚዋ አውቶቡስ ላይ አልወጣችም። ጥሩ። የጥበቃው ቃል ላይ አንድ ስንጥቅ አገኘሁ። ግን ማን ገፋት ለሚለው መልስ አይሆንም።

ዘጠነኛዋ ቲነከ የሚባሉ ሆላንዳዊት ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። እግራቸው አብጦ በነጠላ ጫማ ነው የመጡት።

«እኔ ከሌሎቹ ቀድሜ ወጥቻለሁ» አሉ። «በራሳችሁ ተዟዙራችሁ እዩ የተባልንበት ሰዓት ላይ። እግሬ አላስችል ብሎኝ አውቶቡሱ ጋ ተመለስኩ። ሹፌሩ ወንበር አወጣልኝ፣ የእጄ አንጓ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰልኝ። ያኔ ነው የተጣሉት።»

«እነማን?»

«አስጎብኚዋና አንድ ወንድ። በጆሮዬ ሰማኋቸው።»

«ከአውቶቡሱ ሆነው? መቶ እርምጃ እኮ ይርቃል።»

«በማዳመጫው ነዋ» አሉ፣ ሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዱ ዓይነት። «አስጎብኚዋ አንገትጌዋ ላይ ትንሽ ማይክ አላት፤ እኛ እያንዳንዳችን አንገታችን ላይ መቀበያ፣ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ። ሳትጮህ ለሁላችንም ትናገራለች። እሷ ደግሞ በእረፍታችንም አታጠፋውም፤ ‹ልጆቼ፣ አሥር ደቂቃ ቀራችሁ› ትለናለች። ሌሎቹ ለእረፍቱ ከጆሯቸው አውጥተውት ነበር፣ እኔ ግን አላወጣሁትም።»

ፎቲስና እኔ ተያየን። ያቺን ማይክ ትናንት ከአንገትጌዋ ነቅለን በማስረጃ ከረጢት ውስጥ ያስገባናት እኛው ነን። የልብስ ቁልፍ ወይም ጌጥ እንደሆነች ሁሉ አልፈናታል። በቁሜ አፈርኩ።

«ምን ሰሙ?»

«በግሪክኛ ስለሆነ ትርጉሙን አላውቅም። እሷ በዝግታ ትናገራለች፣ እሱ ይጮኻል። ከዚያ አንድ የወደቀ ነገር ድምፅ። ከዚያ ትንፋሽ።» ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከባሏ ጋር የተጣላች መሰለኝ። ማይኩን ማጥፋት ረስታ ነው፣ የሰው ገመና መስማት ነውር ነው ብዬ ከጆሮዬ አወጣሁት።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ለስድስት ሩብ ጉዳይ። አርባ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፣ ሰዓት አይጠፋኝም።»

«በዚያች ደቂቃ ሹፌሩ የት ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ። እጄን ይዞ ውኃ እያፈሰሰልኝ።»

ቃላቸውን ፎቲስ ጻፈ፣ ፈረሙ። ልንወጣ ስንል እጄን ያዙኝ።

«ያ ትንፋሽ... ከወደቀች በኋላ ነው?»

«አዎ።»

እጄን ለቀቁ። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ማንን ልቆጣ? ነውር የሚያውቁ ሴት ናቸው።

ጣቢያ ስንመለስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። አዛዡ የወይዘሮዋን ቃል አነበበና «ቋንቋ የማታውቅ አሮጊት በጆሮዬ ሰማሁ አለች፣ ይሄ ነው ማስረጃሽ? ወንዱ ማን ነበር ሲሉኝ ምን ልበል?» አለኝ። ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ይበልጥ ደሜን አፈላው። ከመርከብ አውርጄ የማመጣው ምስክር የለኝም። የቀረኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

አግሮን የታሰረበት ክፍል ገባሁ። ዓይኑን አልከደነም፤ ሸሚዝ የሰጠው እንኳ የለም።

«ማዳመጫዎቹን ማን ሰበሰበ?»

«እኔ። ሁሌም እኔ ነኝ። ተቀብዬ፣ አጥፍቼ፣ ሳጥኑ ውስጥ እመልሳለሁ። አሥራ ሰባት።»

ፎቲስ የአውቶቡሱን ሳጥን ከፍቶ ቆጠረ። የማስቀመጫ ቦታው አሥራ ስምንት ነው፤ አንዱ ባዶ ነው።

«አንድ ጠፍቷል» አልኩት።

«አልጠፋም። አሥራ ስምንተኛው የጋሼ ኔክታሪ ነው።»

ፎቲስ ብዕሩን አቆመ።

«የማን?»

«የጥበቃው። ያ ሽማግሌ የሞተብን ጊዜ እርዳታ ለመጥራት ስልክ አልሠራም፤ ቲያትሩ ገደል ውስጥ ስለሆነ እዚያ ስልክ አይዝም። ስለዚህ ኤቫንቲያ ከዚያ ወዲህ ገና እንደገባች አንዱን ማዳመጫ ለሱ ትሰጠዋለች። ሰው ከታመመ በማይኩ ትነግረዋለች፣ እሱ ከቤቱ ስልክ አምቡላንስ ይጠራል። ትናንትም እኔ እያየሁ ጆሮው ላይ ሰካችለት። ‹ጋሼ ኔክታሪ፣ ዛሬ ሰው እንዳይሞትብን› አለችው።»

«ይሄን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ትናንት ከአንቺ ሌላ አራት ሰው አነጋግሮኛል። አራቱም የጠየቁኝ ‹ለምን ገደልካት› ብለው ነው።»

እርስዎ ማለቱን ትቶ አንቺ አለኝ። አልከፋኝም፤ ይገባኝ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፔትራሊ ነበርን። ያን ቀን ቦታው ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ኔክታሪ ግን በሥራ ሰዓቱ ጥበቃው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ካፔላስ የሰጠው ይመስለኛል፣ አንድ ጠርሙስ ወይን ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ አለ።

«ጋሼ ኔክታሪ» አልኩት፣ «ማዳመጫው የት ነው?»

«የምን ማዳመጫ?»

ፎቲስ መሳቢያውን ሳበው። የትኬት ጉርድ፣ ፊሽካ፣ የጸሎት መጽሐፍ። ከመጽሐፉ ሥር ገመዱ በጥንቃቄ የተጠቀለለ መቀበያ አለ፤ ጀርባው ላይ አሥራ ስምንት ቁጥር።

«ይሄ... ቱሪስት ጥሎት ሄዶ ነው።»

«እሺ። ጆሮዎ ላይ ያድርጉልኝ።»

«ለምን?»

«ፎቲስ፣ አድርግላቸው።»

የኤቫንቲያን ማይክ ፎቲስ ጣቢያ ቻርጅ አድርጎት ነበር። እሱን ይዤ በቲያትሩ ጎን ዞርኩ፤ ወደ ጉድጓዱ በመሰላል ወረድኩ። ሦስት ሜትር ናት፤ ግን እግሬ መሬት ሲነካ ትንፋሼ ተቆረጠ። ገና አምስት ሰዓት እንኳ አልሆነም፣ ድንጋዩ እጅ አያስነካም። ደሟ ደርቆ ጠቁሯል። የሲካዳው ጩኸት ከላይ ክዳን እንደተደፋብኝ ነው። እዚያው እሷ የወደቀችበት ተቀመጥኩ።

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና እንደታመመ ሰው በቀስታ፣ በትንፋሽ ብቻ አልኩ፤ «ጋሼ ኔክታሪ... ውኃ።»

ቆየት አልኩ። ደገምኩት። «ጋሼ ኔክታሪ... ውኃ።»

ሦስተኛው ላይ ፎቲስ ከላይ ሲጠራኝ ሰማሁ። መሰላሉን ወጥቼ ወደ ጥበቃው ቤት ሮጥኩ።

ኔክታሪ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ በሁለት እጁ ጨብጦታል።

«እንደሱ ነው ያለችው» አለ። «አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«አንተ ንገረኝ» አልኩት። ጋሼም እርስዎም እዚያው አበቃ። «ከመጀመሪያው።»

ተናገረ። ካፔላስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቶ ኤቫንቲያን ፈለጋት። ከቲያትሩ ጀርባ አገኛት። ኔክታሪ እዚህ ወንበር ላይ ሆኖ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ካፔላስ ሐሙስ እንዳትቀርብ ለመናት፣ ከዚያ አስፈራራት። እሷም «ሽማግሌው ልጆች አሉት፤ አባታቸው የት እንደሞተ ማወቅ አለባቸው» አለችው። ከዚያ ጩኸት። ከዚያ መውደቅ።

«ሮጬ ልወጣ ነበር» አለ ኔክታሪ። «እሱ ሲመጣ በሩ ላይ ተገናኘን። ‹ሞታለች፣ አልቋል› አለኝ። ‹አንተም ባለፈው ማክሰኞ በሩን ከፍተሃል፣ እስር ቤት አብረን ነው የምንገባው። ቆልፍ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትከፍት ታገኛታለህ፣ ተንሸራታ ነው ትላለህ› አለኝ።»

«ሞታለች ሲልህ ማዳመጫው የት ነበር?»

ገመዱን ጣቱ ላይ ጠመጠመው።

«የት ነበር አንተ?»

«ጆሮዬ ላይ።»

«ምን ይልሃል?»

«ትተነፍሳለች።» ማልቀስ ጀመረ። «‹ጋሼ ኔክታሪ ውኃ› አለች። ሁለቴ አለች። ከዚያ አግሮንን ጠራች። አግሮን፣ አግሮን ትላለች። አውቶቡሱ እዚያ ቆሟል፣ በመስኮት ይታየኛል፣ እሱ ሰዎቹን እያወጣጣ ነው። ሄጄ ብነግረው... እኔ ወንጀለኛ ልሆን ነው። የጡረታ ዓመቴ ነው እኮ ፖሊክሴኒ።»

«ከዚያስ?»

«አወጣሁት። ከጆሮዬ።»

ከዚያ ግቢውን ሳይዞር ሦስቴ ፊሽካ ነፋ፣ ቆለፈ፣ ቤቱ ሄዶ ምሳውን በላ። የጾም ምሳ፣ ምስር። ይህንንም ነገረኝ፤ ጾሙን አለመሻሩን እንዳውቅለት። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ እጄን ሰው ላይ አንስቼ አላውቅም። ያን ዕለት ፎቲስ ክንዴን ባይዘኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ካፔላስን ከመንደሩ ምግብ ቤት አወጣነው። «ጠበቃዬን» አለ። «ጥራው» አልኩት፣ «ስልኩ እዚህ ይሠራል፤ እሷ በነበረችበት ብቻ ነው የማይሠራው።» ክንዱን ስይዘው ነጭ ሸሚዙ ላይ የጣቶቼ አሻራ ቀረ፤ ከጉድጓዱ የወጣሁበት አቧራ ነው።

ለስድስት አምስት ጉዳይ ላይ አዛዡ ጠረጴዛ ላይ የኔክታሪን ቃል አስቀመጥኩ። አነበበው።

«ስለ ሽማግሌው ሞትና ስለ በሩ የሚለውን ብናሳጥረው? ሚኒስቴሩን...»

«አንድ መስመር ቢቀነስ ሙሉውን ለጋዜጣ እሰጣለሁ።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

የአግሮንን መልቀቂያ ፈረመ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ወረቀቱን ራሴ ይዤ ወረድኩ። ፎቲስ የራሱን ትርፍ ሸሚዝ ሰጥቶታል፤ ትከሻው ላይ ጠቦታል። ካፔላስና ኔክታሪ መታሰራቸውን ነገርኩት። ሚስቱ ውጭ እየጠበቀችው እንደሆነም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ፈረመ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ጥበቃው ሰምቷል አልሽ።»

«ሰምቷል።»

«ምን አለች?»

መንገዱን ሁሉ ስፈራ የመጣሁት ይህን ነበር። መዋሸት እችል ነበር። ‹ወዲያው ነው የሞተችው› ብዬ ልልከው እችል ነበር። ግን ቃሉ ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ነገ ፍርድ ቤት አንድ ጠበቃ ሻይ እየጠጣ ሲያነበው ይሰማዋል። ደግሞም ለዚህ ሰው እንዲቀለን ብለን የዋሸነው ይበቃል።

«ውኃ አለች» አልኩት። «ከዚያ አንተን ጠራችህ።»

«እኔን?»

«በስምህ።»

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚቆጥር ይመስላል።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከስድስት በኋላ። እንግዶቹን እያሳፈርክ ሳለ።»

«ያኔ ማዳመጫዎቹ እጄ ላይ ነበሩ» አለ። «አሥራ ሰባቱም። ባትሪ እንዳይጨርሱ አንድ በአንድ እያጠፋሁ ነበር።»

«አንተ አላወቅህም። ያወቀው እሱ ነው። ሰምቶ...»

«አንዱን እንኳ ጆሮዬ ላይ ባደርገው።»

ወደ ክፍሉ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከኮሪደሩ ማዶ ሚስቱ ከዘበኛው ጋር ስትከራከር ይሰማል። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አግሮን» አለች። አልመለሰላትም። ደግማ ጠራችው። በሁለት እጁ ጆሮውን ያዘ።